ተባርረው የሚመጡበት ክፍል

ዴሞፖሊስ፣ አላባማ
ኦክቶበር 11፣ 2016

ውድ ሚስተር ፔትዌይ፣

ደብዳቤህ በመብራት ክፍያ ወረቀትና በእህል ዘር ሱቁ ማስታወቂያ መሃል ተወሽቆ መጣ። ፖስታው ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ሳይ ወዲያው ለየሁህ፤ ሰባትን አሁንም አንድ አስመስለህ ነው የምትጽፈው። ተማሪዎችህ ሰሌዳ ላይ እንዳይሳሳቱብህ።

ሚስተር ስልህ አትሳቅ። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምራችሁ ወንዶቹን ሁሉ እንዲህ ስጠራችሁ ትሳሳቁ ነበር። ያኔ ሳትደርሱበት ቀድሜ ነበር ማዕረጉን የሰጠኋችሁ። አንተ አሁን ደርሰህበታል።

ለጥያቄህ መልሴ፣ አዎ፣ ቀጪ ብቻ አድርገው እንዳያስቀሩህ መፍራትህ ልክ ነው። በመጀመሪያ ጎረቤትህ ያለችው መምህርት አንድ ልጅ አምጥታ «እርስዎን ይሰማል» ብላ በርህ ላይ ትታልህ ሄደች። አሁን ከላይኛው ፎቅ ሳይቀር ይልኩልህ ጀመር። በዚያ ትምህርት ቤት ጥቁር፣ የኛ ሰው የሆነ ወንድ ሦስት ብቻ ነው፣ አንዱ በር ጠባቂ፣ አንዱ ጽዳት ሠራተኛ፣ አንዱ አንተ። ልጆቹ ግን አብዛኞቹ የኛ ናቸው። ስለዚህ ባልደረቦችህ ሲያዩህ ቶሎ የሚታያቸው ቁመትህና ድምፅህ ነው። አልጀብራ ማስተማርህ ኋላ ነው ትዝ የሚላቸው።

እንዲህ አድርግ። የተላከውን ልጅ ከኋላ አስቀምጠህ ግድግዳ አታሳየው። ለምን እንደተባረረም አትጠይቀው፤ ያንን ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅ ነው የሚውለው። ጠመኔ ስጠው፤ እናንተ ጋ እንኳ ማርከር ነው መሰለኝ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥያቄ አሳየውና «ከየት እንጀምር?» በለው። ክፍልህ ውስጥ እስካለ ድረስ ተማሪህ ነው።

ስልክ እንድደውልልህ ጠይቀህ ነበር። ጆሮዬ ከስልክ ጋር ተጣልቷል፤ ደግሞም በስልክ የተባለ ነገር ተመልሶ አይነበብም። እናትህ ደህና ናት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ በኮፍያዋ ምክንያት ፓስተሩን አላየሁትም፣ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት።

ሆዚያ ብራክስተን

ደብዳቤህ ላይ ቀን የለም።


ሚልዋኪ፣ ዊስኮንሲን
ኖቬምበር 14፣ 2016

የተከበሩ ሚስተር ብራክስተን፣

ቀን ጽፌያለሁ፤ ከላይ ይመልከቱልኝ። ሰባት ስለሌለበት ደግሞ አንድ ጥፋት ቀነሰልኝ።

ባለቤቴ ሬኒታ ደህና ናት፤ ሐኪሟ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ትወልዳለች ብሏል። ሆዷ ገፍቶ ጫማዋን የማስርላት እኔ ነኝ። «ክፍልህ ውስጥ እንዲህ ታጎነብሳለህ?» እያለች ትቀልድብኛለች።

የነገሩኝን አደረግኩ። ሠራ። ችግሩም እሱ ነው፣ ከልክ በላይ ሠራ።

ጃቫሪስ ቶሊቨር የሚባል ልጅ አለ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ። በምደባ የኔ ተማሪ አይደለም፤ ታች፣ መደመርና ማካፈል እየከለሱ በሚውሉበት ክፍል ነው የመደቡት። ተባርሮ መጣና ማርከር ሰጠሁት። በሳምንቱ ከኔ ልጆች ቀድሞ እኩልታ ይፈታ ጀመር። ከዚያ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ሐሙስ ዕለት ያወራነውን እንዳለ ልጻፍልዎት።

«ዛሬ ደግሞ ምን አድርገህ ነው?» አልኩት።

«ምንም። ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ።»

«ወጥተህስ?»

«ዝም ብዬ ቆምኩ። ትናንት ያስጀመሩን አላለቀማ! ኤክስን ብቻዋን ሳናደርጋት እኮ ነው የተደወለው፣ ቲቸር።»

ማርኬል የሚባለው ጓደኛው ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀበት። «ሞኝ! ጠረጴዛ ላይ መውጣት ምን ያደርጋል? እኔ እንደ ዶሮ አንዴ ብቻ ጮህኩ፤ ወዲያው ላኩኝ።»

«አንተማ ዶሮ ነህ፣ ምን ይከብድሃል?»

«ዶሮስ ብሆን ካንተ ቀድሜ ነው የደረስኩት።»

ሚስተር ብራክስተን፣ እነዚህ ልጆች ወደ ሒሳብ ክፍል ለመምጣት ብለው ከየክፍላቸው እየተባረሩ ነው። እኔም ሳቅሁ። «ግቡ» አልኳቸው። ምን ማለት ነበረብኝ?

አክባሪዎ ኬልቪን


ዴሞፖሊስ
ኖቬምበር 26፣ 2016

ውድ ሚስተር ፔትዌይ፣

የምስጋና ቀን ምሳዬን እህቴ ጋ በላሁ፤ የበቆሎ ዳቦው ደርቆ ነበር፣ ማንም ግን አልተናገረም። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዶሮው ጋ ስደርስ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳህን ሳጥብ ሳቄ ጠፋ።

እባክህ ቶሎ አቁመው። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ አንተ የምታየው ለአልጀብራ የጓጓ ልጅ ነው። እዚያ ክፍል ያለችው መምህርት የምትጽፈው ግን «ረበሸ፣ አልታዘዝም አለ፣ ከክፍል ወጣ» የሚል ነው። በማግስቱም ይኸንኑ። የጻፈችው ሐሰት የለበትም። ጁን ላይ ያን ወረቀት ከፍቶ የሚያነበው ሰው ግን ስለ ኤክስ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። አንተና ልጁ የምትጫወቱት ጨዋታ ሒሳቡ ተሰብስቦ የሚጻፈው በልጁ ስም ብቻ ነው።

ስለዚህ፣ አንደኛ፣ ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ሰብስበህ «ከእንግዲህ ተባርሮ የመጣ ማርከር አይነካም» በላቸው። ይጎዳቸዋል፤ ያንተንም ልብ ይጎዳዋል፤ ግን በላቸው። ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ደወል በፊት በርህን ክፈት፤ መማር የፈለገ በዚያ ሰዓት በራሱ እግር ይምጣ። ሦስተኛ፣ ጃቫሪስን ወደ ክፍልህ እንዲያዛውሩልህ ርእሰ መምህሯን በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል ብቻ እንዳይሆን። መልሷንም በጽሑፍ ተቀበል።

ሦስቱንም ማድረግህን ጻፍልኝ። እስክትጽፍልኝ አላርፍም።

ሆዚያ ብራክስተን


ሚልዋኪ
ጃንዋሪ 9፣ 2017

የተከበሩ ሚስተር ብራክስተን፣

ሴት ልጅ ወለድን። ሬኒታም ልጅቷም ደህና ናቸው። በአያቴ ስም ኤርሊን አልናት። ፀጉሯ ብዙ ነው፣ ድምፅዋ ከኔ ይበልጣል፤ አማቴ ካየቻት ጀምሮ ከሌላ ሰው ጋር አትነጋገርም።

በረዶው ከመኪናው ጎማ በላይ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቴና እኔ አካፋ ይዘን እንወጣለን። «እናንተ ደቡቦች በረዶ እንደ አቧራ ነው የምትጠርጉት!» እያለ ይሰድበኛል። እዚህ ሰው ከቤቱ ፊት ለፊት የጠረገውን የመኪና ማቆሚያ ቦታ በአሮጌ ወንበር ይይዛል፤ ወንበሩን የነካ ጠብ ፈልጓል ማለት ነው። የላኩልንን የፒካን ለውዝ ሬኒታ ብቻዋን ጨረሰችው። እናመሰግናለን።

ስለ ትምህርት ቤቱ በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ዘግይቼ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ።

ኬልቪን


ዴሞፖሊስ
ጃንዋሪ 23፣ 2017

ውድ ኬልቪን፣

ለኤርሊን እንኳን ደህና መጣሽ በልልኝ። አያትህን አውቃት ነበር፤ ስሙ ከባድ ነው፣ ልጅቷ ግን ትችለዋለች።

በረዶውን አሳምረህ ጽፈኸዋል። ጎማውን፣ አካፋውን፣ ወንበሩን። የጠየቅሁህ ግን ሦስት ነገር ነበር፤ አንዱም ደብዳቤው ውስጥ የለም። እንደዚህ ዓይነት ወረቀት ብዙ አርሜያለሁ። ተማሪ ስለማያውቀው ጥያቄ አጭር ይጽፋል፤ መልሱን እያወቀ ሊጽፈው ካልፈለገ ግን ስለ ሌላ ነገር በደንብ ይጽፋል።

የቀረውን ከእናትህ ሰማሁ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን፣ የምስክርነቱ ሰዓት ላይ ተነሥታ «ልጄ ኬልቪን ዲን ሆነ፣ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ! የራሱ ቢሮ! የራሱ የመገናኛ ሬዲዮ! ትምህርት ቤቱ ሁሉ በእሱ እጅ ነው!» አለች። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ኦርጋን ተጫዋቹም በዜማ ገባበት። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ፤ በጉልበቴ ላመካኝ አስቤ ነበር። ዲያቆን ፊልሞር በክርኑ ጎሸመኝና «አንተ እኮ ነህ ያስተማርከው! ተነሥ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ። ተነሣሁ። እናትህ ዞር ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ አጨበጨብኩ።

ቅር ያለኝን ልንገርህ። ዲንነት ክብር የለውም አልልም። ሕፃን አለህ፣ ደመወዙም ይሻላል፤ እሱን የሚነቅፍ ሰው ሞኝ ነው። ግን አስብ፣ የኛ ልጆች የሚቀጣቸውን ወንድ የትም ያገኙታል፤ መንገድ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ፍርድ ቤት። ቁጭ ብሎ ስህተታቸውን መስመር በመስመር የሚያይላቸው ወንድ ግን እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነበር። አሁን ያ ክፍል ውስጥ ማን አለ?

እውነቱን ጻፍልኝ። አልቆጣም። ብቆጣም በደብዳቤ ነው፤ ድምፄ አይደርስህም።

ሆዚያ ብራክስተን


ሚልዋኪ
ፌብሩዋሪ 18፣ 2017

የተከበሩ ሚስተር ብራክስተን፣

ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ቢሮ ውስጥ ነኝ፤ ሬዲዮው ጠረጴዛው ላይ ያንሾካሹካል።

ሦስቱንም አድርጌ ነበር። ማርከሩን ከለከልኳቸው። ጠዋት በር ከፈትኩ፤ ጃቫሪስና ማርኬል በዚያ ብርድ ከአውቶቡሱ ቀድመው በእግራቸው ይመጡ ነበር። የዝውውሩንም ጥያቄ በጽሑፍ አስገባሁ። ርእሰ መምህሯ ከገና በፊት ጠርታኝ የጃቫሪስን ፋይል ከፈተች። ወፍራም ነው። እርስዎ እንዳሉት ነው የተጻፈው። «እንደዚህ ያለ ልጅ አልጀብራ ውስጥ ማስገባት አልችልም። አንድ ነገር ቢጨምር ከከተማው ዳር ወዳለው፣ የተባረሩ ልጆች ወደሚገቡበት ትምህርት ቤት ይሄዳል» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «የሥነ ሥርዓት ኃላፊነቱን ብትይዝልን ግን እነዚህ ፋይሎች ሁሉ መጀመሪያ በአንተ እጅ ያልፋሉ።»

ልጁን የማድነው በዚህ መንገድ መሰለኝ። ተቀበልኩ። ደመወዙንም አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ። ለእርስዎ ያልጻፍኩት መልስዎን ስለማውቅ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሆነኝ ከቤተ ክርስቲያንና ከቀብር ሌላ ቦታ ክራቫት ያሰረ የኛን ሰው አላየሁም ነበር። መጀመሪያ ያየሁት እርስዎን ነው፤ እጅዎ ላይ ደግሞ የኔ የተበላሸ የቤት ሥራ ነበር። አሁን ልጆቹ እኔን ክራቫት አስሬ ሲያዩኝ እጄ ላይ ያለው የቅጣት ወረቀት ነው።

ክፍሌ ውስጥ ምትክ መምህር አለ። ደግ ሰው ነው፤ ሒሳብ ግን አያውቅም፣ ፊልም ያሳያቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ጃቫሪስ ከራሱ ክፍል ወጥቶ እዚያ ገባ። ፊልሙን አጥፍቶ ሰሌዳው ላይ እኩልታ ጻፈ። «ውጣ» ቢሉት አልወጣም አለ። በር ጠባቂው ክንዱን ሲይዘው ገፈተረው። የተጨመረው አንድ ነገር ይኸው ነው። እኔ ጋ አመጡት።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«አልቀመጥም።»

«ጃቫሪስ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ ማን እንደሆንክ። ድሮ ቲቸር ነበርክ።»

አንተ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ጉዳዩን የሚሰማው ጉባኤ ማርች 9 ነው፤ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ። ክሱን ቆሞ የሚያነበው የሥነ ሥርዓት ኃላፊው ነው። እኔ ማለት ነኝ።

ኬልቪን


ዴሞፖሊስ
ማርች 1፣ 2017

ውድ ልጄ፣

ረጅሙም፣ ከኋላው የላክኸው አጭሩም ደርሶኛል። በአጭሩ ደብዳቤ «ኃላፊነቱን ልልቀቅ?» ብለህ ለጠየቅኸኝ መልሴ፣ አትልቀቅ የሚል ነው። ከጉባኤው በፊት ብትለቅ ክሱን ሌላ ሰው ያነበዋል፤ ልጁም በማያውቀው ሰው ድምፅ ይሰማዋል። የሚቀልለው ያንተ ሆድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቁም፣ አንብበው። የተጻፈውን አትቀንስ፣ አትሸፋፍን፤ በር ጠባቂው ተገፍትሯል፣ እሱም የሰው ልጅ ነው። ስትጨርስ ግን ወረቀቱን አስቀምጠህ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ተናገር። ልጁ ከኖቬምበር ጀምሮ ለምን እንደተባረረ በዚያ ክፍል የምታውቁት አንተና እሱ ናችሁ። እሱ ቢናገር ማመካኛ ይሉታል። አንተ ከተናገርክ ምስክርነት ነው። «ይመጣ የነበረው ወደ እኔ ነው። አውቄ አስገባሁት» በል። «አልጀብራ ክፍል አስገቡትና በእኔ ኃላፊነት ይሁን» በል።

ምን እንደሚያስከፍልህ ሳላውቅ አይደለም የምጽፈው። ኃላፊነቱ ይሄዳል። ምናልባት ሥራውም። ሬኒታን ሳትጠይቅ አታድርገው። እኔ ጡረታዬን እየበላሁ፣ ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ፣ ልጅ ላቀፈ ሰው እንዲህ ማለት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። አልቀለለኝም። እስከዚህ ድረስ ከጻፍኩ በኋላ ፖስታውን ሁለት ቀን ሳላሽገው አቆይቼዋለሁ።

ካልቻልክ አልፈርድብህም። ግን ንገረኝ፤ ዝም አትበለኝ።

ሆዚያ ብራክስተን


ሚልዋኪ
ማርች 18፣ 2017

የተከበሩ ሚስተር ብራክስተን፣

ሬኒታን ጠየቅኋት። ልጅቷን እያጠባች ነበር። «ሌላ ሥራ እንፈልጋለን» ብቻ ነው ያለችው፤ ገና ሳላደርገው።

ጉባኤው ፊት ያልኩትን ሁሉ አልጽፍልዎትም። ክሱን አንብቤ እርስዎ እንዳሉኝ ተናገርኩ፤ ርእሰ መምህሯ ቀና ብላ አላየችኝም። የጃቫሪስ እናት፣ ሚስ ላቶንያ፣ የሆስፒታል የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ተናግሬ ስቀመጥ እጇን አወጣች። «አንድ ነገር ልጠይቅ? ልጄ ሒሳብ ለመማር ሲባረር ከከረመ፣ እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ እኔ ጋ ደውሎ 'ልጅሽ ሒሳብ ይወዳል' ያላለኝ ለምንድን ነው?» አለች። እኔም ደውዬላት አላውቅም ነበር።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ጃቫሪስ አይሄድም። እስከ ጁን በእኔ ኃላፊነት ሆኖ አልጀብራ ይማራል፤ በር ጠባቂውንም ይቅርታ ጠይቋል። ኃላፊነቱ ተነሥቶልኛል፤ ከትናንት ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ውሌ እንደማይታደስ በደብዳቤ ነግረውኛል። እናቴ ገና አልሰማችም። እባክዎ እሁድ ቢያገኟት አይንገሩብኝ፤ እኔው እነግራታለሁ።

ልጆቹ ግን ሰምተዋል፤ እዚህ ቤት ምንም አይደበቅም። ትናንት ሁሉም ሲወጡ ጃቫሪስ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቀረ።

«እውነት ነው፣ ጁን ላይ ይሄዳሉ?»

«ይመስላል።»

«ቲቸር፣ አንድ ሰው እንደ እርስዎ ቲቸር ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅበታል?»

«ከየት ጀምረን እንቁጠር?»

«ዝም ብለው ይቁጠሩ። ከስምንተኛ ክፍል።»

«ዘጠኝ ዓመት ገደማ።»

በጣቱ ሊቆጥር ጀምሮ ተወው። «ኧረ ባክዎ! ዘጠኝ ዓመት? እስከዚያ ታዲያ ማን አለ?»

«ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት፤ ነገው ደግሞ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ከደወሉ በፊት፣ መጥቶ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ምን ልበለው፣ ሚስተር ብራክስተን? ደብዳቤዎ ሰኞ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ይጻፉልኝ።

ኬልቪን